ቀለም ያታልላል፣ ቅርፊት ይመሰክራል

ተመሳሳይ የባሕር ዳርቻ ዓሦችን የመለየት ጥበብ፦ ከቀይ ባሕር እስከ ሜዲትራኒያን፣ ከምጽዋ እስከ ጣና

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1774 የካፒቴን ጄምስ ኩክ መርከብ «ሪዞሉሽን» በሰላማዊ ውቅያኖስ፣ ኒው ካሌዶንያ በምትባል ደሴት ዳርቻ መልሕቋን ጥላ ነበር። አንድ የደሴቲቱ ተወላጅ የወጋውን ዓሣ የመርከቧ ጸሐፊ ገዝቶ ለካፒቴኑ ላከው። በመርከቧ ላይ የነበሩት የተፈጥሮ ተመራማሪዎች፣ ዮሃን ራይንሆልድ ፎርስተርና ልጁ ጌኦርግ፣ እንዲህ ያለ ዓሣ ከዚያ በፊት አላጋጠማቸውም። ሥዕሉ ተሥሎ፣ መልኩም በጽሑፍ ሰፍሮ እስኪያልቅ ድረስ መሸ። በዚህ ምክንያት ለእራት የደረሰው ጉበቱና እንቁላሉ ብቻ ነበር፤ እሱንም ኩክና ሁለቱ ፎርስተሮች ከመቅመስ አላለፉም።

ሊነጋጋ ሲል ሦስቱም በድንዛዜ ተያዙ። እጅና እግራቸው ከዳቸው። ኩክ ውኃ የሞላው ዕቃና የወፍ ላባ በእጁ ላይ እኩል እስኪመስሉት ድረስ የክብደት ስሜቱ ጠፋ። አስታውከውና አልቧቸው ዳኑ፤ የዓሣውን ሆድ ዕቃ የበላው አሳማ ግን ጠዋት ሞቶ ተገኘ። በማግስቱ ወደ መርከቧ የመጡ የደሴቲቱ ሰዎች ተሰቅሎ የነበረውን ዓሣ ሲያዩ እንደማይበላ በምልክት አስረዱ። እነሱ ለይተው ያውቁት ነበር።

ይህ ዓሣ በ1789 ሳይንሳዊ ስሙን አገኘ፤ ዛሬ ላጎሴፋሉስ ሴሌራቱስ ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሲያስፈራሩት ሆዱን እንደ ኳስ ከሚነፉት፣ ፓፈር ከሚባሉት ዓሦች አንዱ ነው። በሰውነቱ ውስጥ ያለው ቴትሮዶቶክሲን የተባለ መርዝ በነርቭ ሴሎች ላይ ያሉትን የሶዲየም መተላለፊያዎች ይዘጋል። ነርቭ መልእክቱን ማድረስ ሲያቅተው ጡንቻ ይዝላል፤ መጠኑ ከበዛም መተንፈሻው ይቆማል። እሳት አያጠፋውም፣ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም፤ ሐኪም ማድረግ የሚችለው መርዙ እስኪወጣ ድረስ የበሽተኛውን ትንፋሽ ማቆየት ነው።

ዓሣው በስዌዝ ቦይ በኩል ከቀይ ባሕር ወደ ሜዲትራኒያን ተሻግሮ በ2003 በቱርክ ዳርቻ ታየ። ከ2005 እስከ 2008 ባሉት ዓመታት ብቻ በእስራኤል 13 ሰዎች ይህንኑ ዓሣ በልተው ተመርዘው ታክመዋል። ዛሬ እዚያ አገር ለገበያ ማቅረቡ ክልክል ነው። በአሽዶድ፣ በአሽቀሎን፣ በነታንያና በሃይፋ ለሚኖሩ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ቤተ እስራኤላውያን ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም፤ በሰፈራቸው ዳርቻ የሚዋኝ ዓሣ ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን የሚበላው የባሕር ፍጥረት ክንፍና ቅርፊት ያለው ነው ይላል። ፓፈር ደግሞ ቅርፊት የለውም፤ በቅርፊቱ ፈንታ በቆዳው ላይ ያሉት ጥቃቅን እሾሆች ናቸው። ሕጉን የሚያውቅ ሰው ሙሉውን ዓሣ ካየ በዚህ ይድናል። ቆዳው ተገፎ፣ ሥጋው ተቆራርጦ ከቀረበለት ግን የሚያየው ምልክት አይኖርም።

ዓይን የሚሮጥበትና ዓይን የሚያርፍበት

በሜዲትራኒያን ምሥራቃዊ ዳርቻ ከዚህ ፓፈር ጋር የሚዋኝ፣ ላጎሴፋሉስ ሱዌዘንሲስ የሚባል ዘመድ አለው። ሁለቱም ጎናቸው ላይ የብር ቀለም ያለው ሰፊ መስመር፣ ጀርባቸው ላይ ነጠብጣብ አላቸው። አንደኛው ከአንድ ሜትር በላይ ያድጋል፤ ሁለተኛው ከስንዝር ብዙም አያልፍም። ሆኖም የትልቁ ጫጩት የትንሹን ጎልማሳ ያክላል፤ ስለዚህ መጠን ብቻውን አይለያቸውም። በእስያ ደግሞ ሥጋው ራሱ መርዛም የሆነውን ላጎሴፋሉስ ሉናሪስን ከሌሎች ዘመዶቹ የሚለየው አንዱ ዋና ምልክት በጀርባው ላይ ያለው የጥቃቅን እሾህ ሜዳ የት ድረስ ይደርሳል የሚለው ነው፤ በእሱ እስከ ጀርባ ክንፉ ሥር ይዘልቃል፣ በሌሎቹ ቀደም ብሎ ያልቃል። በጣት ተዳብሶ የሚታወቅ የጥቂት ሳንቲ ሜትር ልዩነት በራትና በሞት መካከል ይቆማል።

የዓሣ መለየት ትምህርት ሁሉ ከዚህ ይጀምራል። ዓይን ዓሣ ሲያይ መጀመሪያ ወደ ቀለም፣ ቀጥሎ ወደ መጠን ይሮጣል። ሁለቱም ተለዋዋጭ ናቸው። ቀለም በፍርሃት፣ በሌሊት፣ በዕድሜ፣ በጾታ፣ ከሞት በኋላም በደቂቃዎች ውስጥ ይቀየራል። መጠን ከዕድሜና ከምግብ ጋር ይሄዳል። ለይቶ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ዓይኑን ሊያሳርፍ የሚገባው ዓሣው ሲፈራም ሲሞትም በማይለወጠው ላይ ነው፦ በቅርፊቶቹ አሰላለፍ፣ በክንፎቹ እሾህ ብዛት፣ በመንጋጋው ቅርጽ፣ በጥርሱ አቀማመጥ።

ሁለት የቀይ ባሕር ዓሦችን ጎን ለጎን እናስቀምጥ። ሁለቱም ስናፐር ከሚባለው ወገን ናቸው፦ ሉትያኑስ ፉልቪፍላማና ሉትያኑስ ኤረንበርጊ። ሁለቱም ብርማ ናቸው፤ ሁለቱም በጎናቸው ቢጫ መስመሮች አሏቸው፤ ሁለቱም ከጀርባ ክንፋቸው የኋላ ክፍል በታች አንድ ጥቁር ነጥብ ተቀምጦባቸዋል። ብዙ ጊዜ በአንድ ኮራል ሥር፣ በአንድ መረብም ይገኛሉ። መስመሮቹን እቆጥራለሁ ያለ ሰው ዓሣው ከበረዶ ላይ ከዋለ በኋላ መስመሮቹ ደብዝዘው ይጠብቁታል።

እዚህ ላይ ማጉያ መነጽር አውጥቶ በጎኑ ላይ ከስንጥቡ ክዳን እስከ ጅራቱ ሥር የሚሄደውን ቀጭን መስመር መፈለግ ነው። የጎን መስመር ይባላል፤ ዓሣው የውኃን ንቅናቄ የሚሰማው በእሱ ነው። ከዚህ መስመር በላይ ያሉትን የቅርፊት ረድፎች ዓይን በዝግታ ሲከተል ልዩነቱ ይገለጣል። በፉልቪፍላማ ረድፎቹ ወደ ጀርባው ሽቅብ፣ በሰያፍ ይወጣሉ። በኤረንበርጊ ደግሞ ቢያንስ ከፊተኛው የጀርባ ክንፍ ሥር ከጎን መስመሩ ጋር ትይዩ ሆነው ይሄዳሉ። ቀለሙ ቢጠፋ፣ ነጥቡም ቢደበዝዝ፣ ዓሣው በአልኮል ውስጥ መቶ ዓመት ቢቀመጥ እንኳ ይህ አሰላለፍ ባለበት ይኖራል። ስንዴና እንክርዳድ ቡቃያ ሳሉ የሚመሳሰሉበት ገበሬ ዘለላውን እንደሚጠብቅ፣ ዓሣ ለዪም የማይዋሸውን ምልክት እስኪያገኝ ይታገሣል።

አንድ ዓሣ፣ ሁለት ስም

ቀለም እንዴት እንደሚያሳስት ከሁሉ አጉልተው የሚያሳዩት በቀቀን ዓሦች ናቸው። የፊት ጥርሶቻቸው ተጣብቀው እንደ በቀቀን አፍ ሆነዋል፤ በእሱም ኮራልና ድንጋይ ላይ ያለውን ዋቅላሚ እየፋቁ ይበላሉ። አብዛኞቹ በሴትነት ኖረው ኋላ ወደ ወንድነት የሚለወጡ ናቸው፤ ከጾታው ጋር ልብሳቸውም ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። ጫጩቱ አንድ መልክ፣ ሴቷ ሌላ መልክ፣ ትልቁ ወንድ ሦስተኛ መልክ ይኖረዋል።

በዚህ የተነሣ ሳይንስ ለአንድ ዓሣ ሁለትና ሦስት ስም ሲሰጥ ኖሯል። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1829 ስካሩስ ቢኮሎር፣ በ1835 ደግሞ ስካሩስ ፑልኬሉስ ብሎ የሰየማቸው የቀይ ባሕር ዓሦች ዛሬ አንድ ዝርያ መሆናቸው ታውቋል፤ ሴቶስካሩስ ቢኮሎር ይባላል። ሴቷ ጀርባዋ ቢጫማ፣ ከታች ጥቁር ናት፤ ወንዱ አረንጓዴ ሆኖ በሮዝ ነጠብጣብ ያጌጣል። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያየ ሰው ባልና ሚስት ናቸው ቢባል አያምንም። እንቆቅልሹ የተፈታው ጠላቂዎች ባሕር ውስጥ ገብተው ዓሦቹን ሲራቡ ካዩ፣ ተመራማሪዎችም ሆዳቸውን ከፍተው የዘር ዕጢያቸውን ከመረመሩ በኋላ ነው።

ስለዚህ ስሕተቱ በሁለት በኩል ይመጣል፦ አንዱን ሁለት ማድረግ አለ፣ ሁለቱን አንድ ማድረግም አለ። የመጀመሪያው መጻሕፍትን ያበዛል። ሁለተኛው ግን ዓሣውን ያጠፋል፤ ምክንያቱም ከብዙው ጋር ተደባልቆ የተቆጠረው ጥቂቱ ዝርያ ሲያልቅ ማንም አያይም።

ሕይወታቸውን የከፈሉ ሰብሳቢዎች

የቀይ ባሕር ዓሦች መዝገብ የተጀመረው በ1732 በሄልሲንኪ በተወለደው በፔተር ፎርስኮል ነው። የተፈጥሮ ተመራማሪው የሊኔዎስ ተማሪ ነበር። የዴንማርክ ንጉሥ ወደ ዐረብ አገር በላከው የጥናት ጉዞ ውስጥ ገብቶ በ1762 ከስዌዝ ወደ ጅዳ፣ ከዚያም ወደ የመን ዳርቻ ወረደ። ዓሣ ከአጥማጆች እየገዛ፣ ስማቸውን ከአጥማጆቹ አፍ እየጻፈ ሄደ፤ ዛሬም ቦሃር፣ ሃራክ፣ ማህሴና፣ ሎውቲ የተባሉት የዐረብ አጥማጆች ስሞች በሳይንሳዊው ስም ውስጥ አሉ። ዓሦቹን ማቆያ ብዙ አልኮል አልነበረውም፤ ስለዚህ እንደ ዕፅዋት ቅጠል ግማሽ ቆዳቸውን ገፎ፣ አድርቆ በወረቀት ላይ ለጠፋቸው። በኮፐንሃገን የሥነ እንስሳት ሙዚየም ዛሬም ይገኛሉ።

ፎርስኮል በጁላይ 1763 የመን ውስጥ ያሪም በተባለች ከተማ በወባ ሞተ፤ ዕድሜው 31 ነበር። ከጉዞው ቡድን በሕይወት የተመለሰው ካርስተን ኒቡር የወዳጁን ማስታወሻ ሰብስቦ በ1775 አሳተመው። ብዙ የቀይ ባሕር ዓሦች ስማቸውን ያገኙት ከዚያ መጽሐፍ ነው፤ ፉልቪፍላማም አንዱ ነው።

ከእሱ በኋላ ተመራማሪዎቹ ቪልሄልም ሄምፕሪክና ክርስቲያን ጎትፍሪድ ኤረንበርግ መጡ። ሄምፕሪክ በጁን 1825 ምጽዋ ላይ በንዳድ ሞቶ በዚያው አካባቢ ተቀበረ። ጓደኛው ወደ በርሊን ተመለሰ፤ ከ40 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ቪልሄልም ፔተርስ ያንን ቅርፊቱ ትይዩ የሚሄድ ስናፐር በኤረንበርግ ስም ጠራው። ሁለቱ መሳይ ዓሦች በመጻሕፍት ውስጥ ለመለያየት ከ1775 እስከ 1869 ፈጀባቸው ማለት ነው።

ሦስተኛው ሩፔል ነው። በ1831 ምጽዋ ደርሶ፣ ወደ ደጋ ወጥቶ፣ ጎንደርን አይቶ፣ የጣናን ዓሦች ሰብስቦ፣ የግዕዝ የብራና መጻሕፍትም ይዞ ወደ ፍራንክፈርት ተመለሰ። ስለዚህ የምጽዋን የኮራል ዓሣና የጣናን ዓሣ ለሳይንስ ያስተዋወቀው አንድ እጅ ነው፤ በሁለቱም ቦታ የገጠመው ችግር ደግሞ አንድ ዓይነት ነበር።

መሳዮቹ ከየት መጡ?

በቀይ ባሕር ከ1,000 በላይ የዓሣ ዝርያዎች ይኖራሉ፤ ከመቶው 13 ያህሉ ከዚያ ውጪ አይገኙም። ለዚህ አንዱ ምክንያት የበሩ ጠባብነት ነው። በባብ ኤል መንደብ በኩል፣ በሐኒሽ ደሴቶች አቅራቢያ፣ የባሕሩ ወለል ከፍ ብሎ ጥልቀቱ 137 ሜትር ብቻ ይሆናል። በበረዶ ዘመናት የዓለም ባሕር ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ሲል ይህ በር ሊዘጋ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ውስጥ የቀረው ውኃ ጨዋማነቱ እየጨመረ ሄደ፤ ዓሦችም ከሕንድ ውቅያኖስ ዘመዶቻቸው ተለያዩ። ለረጅም ጊዜ ተለያይተው የኖሩ ዘመዳሞች ቀስ በቀስ በትንሽ ነገር መለያየት ይጀምራሉ።

በቢራቢሮ ዓሦች ላይ ይህ በግልጽ ይታያል። በቀይ ባሕር ያለው ኬቶዶን አውስትሪያኩስ ጅራቱና የታችኛው ክንፉ ጥቁር ነው። በኤደን ባሕረ ሰላጤና በዐረብ ዳርቻ የሚኖረው ኬቶዶን ሜላፕቴሩስ የጀርባ ክንፉም ጭምር ጥቁር ነው። ከዚያ ወዲያ በሕንድ ውቅያኖስ ኬቶዶን ትሪፋሲያቱስ ይተካቸዋል። ድንበሮቹ በሚገናኙበት በሶቆጥራ ደሴት ዙሪያ ግን ተመራማሪዎች በ2015 ባሳተሙት ጥናት የሜላፕቴሩስና የትሪፋሲያቱስ ድቃዮችን ጨምሮ በርካታ የተዳቀሉ ዓሦችን አሳይተዋል። እዚያ ውኃ ውስጥ «ይህ የትኛው ነው?» ብሎ ለሚጠይቅ ሰው ትክክለኛው መልስ አንዳንድ ጊዜ «ሁለቱም» የሚል ነው። ዝርያ የሚባለው ነገር በተፈጥሮ ውስጥ እየተሠራ ያለ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ቦታ ጥቂት ነው።

ሁለት መቶ ዓመት የጠበቀ ስም

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የቦንፊሽ ታሪክ ነው። ብርማ፣ ፈጣን፣ በሞቃታማ ዳርቻዎች ጥልቀት በሌለው አሸዋማ ውኃ የሚመገብ ዓሣ ነው። በዓለም ዙሪያ ያሉት ቦንፊሾች እጅግ ስለሚመሳሰሉ ከ20 በላይ የነበሩት ስሞቻቸው በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ተጨፍልቀው ሁሉም ለማለት ይቻላል አልቡላ ቩልፔስ በሚለው የሊኔዎስ ስም ሥር ገቡ። አንድ ዓሣ በዓለም ባሕር ሁሉ ይኖራል ተባለ።

በ1981 ጄምስ ሻክሊና ክላይድ ታማሩ የሃዋይን ቦንፊሾች ፕሮቲን ሲመረምሩ ግን በአንድ መረብ የሚወጡት ዓሦች ሁለት መሆናቸውን አገኙ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የተለያዩ መሆናቸውን የሚያመለክት ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ወደ መልካቸው ተመልሰው ያዩት፤ ምልክቱም ተገኘ። የአንዱ የታችኛው መንጋጋ ጫፉ ክብ ነው፤ የሌላው ሾጣጣ ነው። ክብ መንጋጋ ላለው አዲስ ስም መፈለግ አላስፈለገም። ፎርስኮል ከቀይ ባሕር ገልጾት፣ በ1775 በታተመው መጽሐፍ ውስጥ ግሎሶዶንታ የሚል ስም አስቀምጦለት ነበር። ወባ የገደለው ወጣት ትክክል መሆኑ ከ200 ዓመት በኋላ ተመሰከረለት። ዛሬ ከአሥር በላይ የቦንፊሽ ዝርያዎች ይታወቃሉ።

ዓይን ያጣውን ላቦራቶሪ ሲያገኝ፣ ዓይን እንደገና ተምሮ ልዩነቱን ያያል። ይህ ቅደም ተከተል በዓሣ ጥናት ውስጥ በተደጋጋሚ ይታያል።

በመሸጫው ጠረጴዛ ላይ

በእስራኤል የሜዲትራኒያን ዳርቻ በአንድ የዓሣ መሸጫ የሚሠራ ጎንደሬ ወጣት ይህን ሁሉ በእጁ ያውቀዋል። ጠረጴዛው ላይ የተደባለቁ ጥንቸል ዓሦች ተከምረዋል። ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ቆመው ያያሉ።

«ልጄ፣ ሁለቱም አንድ አይደሉም እንዴ?»

«አይደሉም እማማ። ጅራታቸውን ይዩልኝ። ይሄ እንደ መቀስ የተከፈለ ነው፤ ያኛው ጫፉ ቀጥ ያለ ነው። እጅዎን ግን ራቅ ያድርጉት፤ እሾሁ ያማል።»

አንዱን ዓሣ ከራሱ ወደ ጅራቱ አቅጣጫ እየዳበሰ፣ ክንፉን አስተኝቶ ያነሣዋል። ጅራቱ የተከፈለው ሲጋኑስ ሪቩላቱስ፣ ቀጥ ያለው ሲጋኑስ ሉሪዱስ ነው። እዚህ የክንፍ እሾህ መቁጠር አይጠቅምም፤ የጥንቸል ዓሦች ሁሉ በጀርባቸው 13፣ ከታች 7 እሾህ አላቸው። ምልክቱ ከቤተሰብ ቤተሰብ ይለያያል፤ በስናፐር ቅርፊቱ፣ በቦንፊሽ መንጋጋው፣ እዚህ ጅራቱ። እሾሆቹ መርዝ ስላላቸው የተወጋ ሰው ብርቱ ሕመም ይሰማዋል፤ የተወጋውን ቦታ ቆዳ በማያቃጥል ሙቅ ውኃ ውስጥ መንከር ሕመሙን ያስታግሣል፣ የመርዙ ፕሮቲን በሙቀት ይበላሻልና።

ሁለቱም ዓሦች በ1869 በተከፈተው የስዌዝ ቦይ ያለፉ ስደተኞች ናቸው። ሪቩላቱስ በ1920ዎቹ፣ ሉሪዱስ በ1950ዎቹ በሜዲትራኒያን ተመዘገቡ። ዋቅላሚ ይበላሉ፤ በምሥራቅ ሜዲትራኒያን በበዙበት ቦታ ድንጋዩን ራቁቱን አስቀርተውታል።

በዚያው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ አፋቸው በጥቃቅን ጥርስ የተሞላ ረዣዥም ዓሦች ተደርድረዋል፤ እንሽላሊት ዓሣ ይባላሉ። እነዚህም በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከቀይ ባሕር ገብተው፣ በዚያው አሥር ዓመት አጋማሽ በእስራኤል መረቦች ውስጥ እጅግ በዙ። መጀመሪያ የመዘገባቸው አዳም ቤን-ቱቪያ ሳውሪዳ ኡንዶስኳሚስ አላቸው፤ ይህ ስም በ1848 ከአውስትራሊያ ዓሣ የተሰጠ ነበር። ይኸው ተመራማሪ በኋላ በ1962 ወደ ዳህላክ ደሴቶች፣ ያን ጊዜ የኢትዮጵያ ወደነበረው ዳርቻ፣ የሄደውን የእስራኤል የደቡብ ቀይ ባሕር ጉዞ የዓሣ ሀብት ሪፖርት ጽፏል።

ዓሣው 60 ዓመት ያህል በዚያ ስም ተመዘነ፣ ተሸጠ፣ ተጠና። በ2015 ባሪ ራስል፣ ዳኒ ጎላኒና ያሮን ቲኮቺንስኪ ናሙናዎቹን ከአውስትራሊያዎቹ ጋር አነጻጽረው፣ የቀይ ባሕሩና የሜዲትራኒያኑ ፈጽሞ ሌላ፣ ስም ያልወጣለት ዝርያ መሆኑን አሳዩ። ሳውሪዳ ሌሴፕሲያኑስ ብለው ሰየሙት፣ ቦዩን ባስቆፈረው በፈርዲናንድ ደ ሌሴፕስ ስም። በየዕለቱ በገበያ የሚመዘን ዓሣ የራሱ ስም ሳይኖረው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አለፈ። በእነዚያ ዓመታት ስለ እድገቱ፣ ስለ መራቢያው ወቅት፣ ስለሚጠመድበት መጠን ከአውስትራሊያው ዓሣ ጥናት የተወሰደ ግምት ሁሉ የተወሰደው ከሌላ ዝርያ ነበር።

ዲኤንኤ የሚያደርገውና የማያደርገው

በ2003 ካናዳዊው ፖል ሄበርት አንድ አጭር የዘረመል ቁራጭ እንደ ዕቃ ባርኮድ ዝርያን ሊለይ ይችላል የሚል ሐሳብ አቀረበ። በ2005 ሮበርት ዋርድና ባልደረቦቹ 207 የአውስትራሊያ የባሕር ዓሣ ዝርያዎችን በዚህ መንገድ ፈተሹ፤ ሁሉንም ለመለየት ቻሉ። ቆዳው የተገፈፈ ሥጋ፣ የዓሣ እንቁላል፣ ገና ቅርጹ ያልወጣ ጫጩት፣ ሁሉም ዛሬ በዚህ ይታወቃል። የፓፈር ሥጋ በሌላ ዓሣ ስም ቢቀርብ የሚያጋልጠውም ይኸው ነው።

ሆኖም ባርኮዱ የሚያመሳክረው መዝገብ ያስፈልገዋል። መዝገቡ ላይ ያለው ዓሣ መጀመሪያ በትክክል ካልተለየ ማሽኑ ስሕተቱን በፍጥነት ያባዛዋል። በሶቆጥራ እንዳሉት ድቃዮች ሲገጥሙት ደግሞ በእናት በኩል የሚወረሰው ያ ቁራጭ የአባትን ዘር አይናገርም። ስለዚህ ቅርፊት የሚቆጥረው ሰውና በአልኮል የተቀመጠው ናሙና ከሥራ አልወጡም። የፎርስኮል ደረቅ ቆዳዎችና ሩፔል በፍራንክፈርት ዜንከንበርግ ሙዚየም ያስቀመጣቸው ዓሦች ዛሬም ክርክር ሲነሣ የሚጠየቁ ምስክሮች ናቸው።

ከባሕሩ ወደ ጣና

ሩፔል ከጣና ይዟቸው የሄደው ላቤዎባርቡስ የተባሉ ዓሦች የዚህን ነገር ዋጋ ለእኛ ከሁሉ አቅርበው ያሳያሉ። እሱ በ1830ዎቹ የተወሰኑትን ለይቶ ሰየመ፤ ሌሎች ጨመሩ። በ1973 ኪት ባኒስተር ሁሉንም በአንድ ዝርያ ጠቀለላቸው። በ1990ዎቹ የዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲው ሊዮ ናገልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ ከባሕር ዳር አጥኚዎች ጋር ሆነው ሺዎችን እየለኩ፣ የአፋቸውን ቅርጽ፣ የሚበሉትንና የሚራቡበትን እየመዘገቡ 15 ዝርያዎች መሆናቸውን አሳዩ። ከእነዚህ 8ቱ ሌላ ዓሣ የሚበሉ ናቸው፤ በዚህ ቤተሰብ ውስጥ እጅግ ያልተለመደ ነገር ነው።

መለየቱ ወዲያው ሥራ ላይ ዋለ። በ1990ዎቹ በተደረገው ክትትል በክረምት እንቁላላቸውን ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ወንዞች የሚወጡት ዝርያዎች ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል ወርዶ ተገኘ። ምክንያቱም ተጠቆመ፦ በወንዝ አፍ ላይ ለመራባት የሚሰበሰቡትን የሚጠርገው የንግድ መረብና በወንዙ ውስጥ ዓሣ ለማደንዘዝ የሚበተነው የተፈጨ የብርብራ ፍሬ። ወንዝ የሚወጣውን ሐይቅ ውስጥ ከሚራባው የለየ ሰው ባይኖር ኖሮ፣ ጥፋቱ የት እንደሚፈጸምና በየትኛው ወር መረብ መከልከል እንደሚገባ ማወቅ አይቻልም ነበር። በሚዛን መዝገብ ላይ ግን የሐይቁ ዓሦች ሁሉ እስካሁን በጥቅሉ ቆሮሶ፣ አምባዛና ላቤዎባርቡስ ተብለው ይጻፋሉ፤ 15ቱ በአንድ መስመር።

ስለዚህ ልመናዬ ግልጽ ነው። ዓሣ የሚመዘንበት ቦታ ሁሉ፣ በጣናም ሆነ በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ዝርያ የሚለይ የሠለጠነ ሰው ይኑር፤ ቢያንስ በመራቢያ ወራት ዝርያ በዝርያ ይመዝገብ። የሚያጠራጥረው ዓሣ ፎቶው ተነሥቶ፣ የክንፉ ቁራጭ ተወስዶ፣ ራሱም በአልኮል ይቀመጥ። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ቅርፊት መቁጠርን ጊዜ ያለፈበት ሙያ አድርገው አይተዉት፤ ሳውሪዳን ከ60 ዓመት ስሕተት ያወጣው ይኸው ሙያ ከዲኤንኤ ጋር ተባብሮ ነው። አጥማጁና የመሸጫው ልጅ የሚያውቁትም ይጠየቅ፣ ይጻፍ፤ በኒው ካሌዶንያ ዳርቻ ያን ዓሣ ያወቁት መጻሕፍቱ አልነበሩም። ይህን ለማድረግ የሚጠይቀው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ የሚጠይቀው ትዕግሥት ግን ብዙ ነው፣ ትዕግሥቱ ደግሞ በትምህርት ይገኛል። የለየነውን መቁጠር፣ የቆጠርነውን መጠበቅ እንችላለን፤ ያልለየነው ግን እያለቀም የበዛ ይመስለናል።